15 ሺህ ዶላር ቂሊንጦ እስኪደርስ፦ የጀማሪ ተመራማሪ የገንዘብ ምንጮች ሲመዘኑ

ቂሊንጦ፣ ሆለታ ወይም ሰበታ ላይ ቤተ ሙከራ ለማቆም የሚሞክር ጀማሪ ተመራማሪ ገንዘብ ሲያፈላልግ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ጣሪያው ላይ ነው፦ 15 ሺህ ዶላር፣ 50 ሺህ ዶላር፣ 67 ሺህ ዶላር። ከቁጥሩ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው። ዕቃውን ማን ይገዛል? ገንዘቡ የሚያዘው በብር ነው በዶላር? የመስክ አበል ይከፍላል? ጉምሩክ ላይ ማን ይቆማል? እዚህ ያሉትን ምንጮች የመዘንናቸው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። ስለዚህ በመጠን ትልቁ ምንጭ ከላይ አልተቀመጠም።

የግቢው ገንዘብ

ቅርቡ የራስ ዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ተቋም የውስጥ ድጎማ ነው። ውድድሩ ከውጭው ይቀላል፣ ገምጋሚዎቹ የአገሩን ሁኔታ ያውቃሉ፣ ለመስክ ሥራም ይከፍላል። ድክመቱ በብር መሆኑ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ ይህ ድክመት በግልጽ ታየ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ከ50 ገደማ በነበረበት ጊዜ የጸደቀ 500,000 ብር ወደ 8,700 ዶላር ይጠጋ ነበር። ዶላሩ 115 ብር ሲገባ ያው 500,000 ብር 4,350 ዶላር እንኳ አይሞላም። ውሉ ላይ ያለው ቁጥር ሳይነካ የሚገዛው ኬሚካል ግማሽ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጣጣ የበጀት ዓመቱ ነው። ዓመቱ ሐምሌ 1 ቢከፈትም ጥሪው ወጥቶ፣ ፕሮፖዛሉ ተገምግሞ፣ ውል ተፈርሞ፣ የመጀመሪያው ክፍያ እስኪለቀቅ ኅዳር ይደርሳል። ሰኔ ላይ ሒሳብ ስለሚዘጋ ግዥ ክፍል ከግንቦት በኋላ አዲስ ጥያቄ መቀበል አይወድም። የሚሠራበት ጊዜ ስድስት ወር ገደማ ነው። ይህን ያልቆጠረ አመልካች የዝናብ ወቅት ናሙና የሚፈልግ ጥናት ጽፎ ክረምቱ ሲገባ እጁ ላይ ገንዘብ የለም። የክረምት ናሙና የግድ ከሆነ የነዳጁንና የአበሉን ቅድሚያ ክፍያ ሚያዝያ ላይ ጠይቁ፣ የድርጊት መርሐ ግብሩም ላይ ለብቻው ጻፉት።

ቀጣዩ ክፍያ የሚለቀቀው ያለፈው ሲወራረድ ነው። ሒሳብ ማወራረድን የሚያጓትተው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው፦ የተቋሙ ስም በትክክል ያልተጻፈበት ደረሰኝ፣ ቀበሌው ማኅተም ያላደረገበት የመረጃ ሰብሳቢዎች የክፍያ ሰነድ፣ የመውጫና የመመለሻ ቀን የተፋለሰበት የአበል ቅጽ። ከዕቃ ዋጋ ላይ 15 በመቶ ቫት መርሳትም የተለመደ ነው። ፕሮፎርማው፣ ማለትም አቅራቢው የሚሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ፣ «ቫትን ሳይጨምር» ብሎ በትንንሽ ፊደል ጽፎት በጀቱ እዚያው ይጎድላል።

እንግዲህ ይህ ገንዘብ ለምን ይሁን? ለመኪና፣ ለአበል፣ ለመረጃ ሰብሳቢ፣ አገር ውስጥ ለሚገኝ ብርጭቆ ዕቃና አልኮል፣ ዕቃን ከጉምሩክ ለሚያስለቅቀው ወኪል፣ ለትራንዚተር፣ ክፍያ። ከውጭ ለሚገባ ማሽን አይሁን። የመጨረሻውን ነጥብ ያዙት፣ ቀጥሎ ያለው ምንጭ፣ ቱዋስ፣ ጋ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ቱዋስ

መቀመጫው ትሪየስቴ፣ ኢጣሊያ የሆነው የዓለም የሳይንስ አካዳሚ፣ በአጭር ስሙ ቱዋስ፣ በ1983 እ.ኤ.አ. በፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም መሪነት የተቋቋመ ነው። ለመሠረታዊ ሳይንስ፣ ማለትም ለባዮሎጂ፣ ለኬሚስትሪ፣ ለፊዚክስና ለሒሳብ የሚሰጠው የግለሰብ ድጎማ ጣሪያ ለረጅም ጊዜ 15 ሺህ ዶላር ነበር። ኢትዮጵያ በሳይንስ ወደ ኋላ ቀርተዋል ተብለው በተለዩት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች አመልካቿ ከቻይና ወይም ከብራዚል ተመራማሪ ጋር አይወዳደርም። ዶክትሬት ያስፈልጋል።

በእኛ ሚዛን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ምክንያቱ የገንዘቡ ብዛት አይደለም፣ አመጣጡ ነው። አመልካቹ ፕሮፎርማ ያቀርባል፣ ቱዋስ በአብዛኛው ለአቅራቢው በቀጥታ ይከፍላል፣ የሚመጣው ዕቃው ነው። ዶላር ወደ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ገብቶ ወደ ብር የሚመነዘርበት፣ ከዚያ መልሶ ለግዥ የውጭ ምንዛሪ የሚለመንበት ዙር የለም። በብዙ ትልልቅ ድጎማዎች ላይ የሚታየው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ሁኔታ እዚህ ይቀራል።

የማይከፍለውን ግን አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። የተመራማሪ ደመወዝ የለም፣ የመስክ ጉዞ የለም፣ ላፕቶፕ፣ ፕሪንተር፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ፕሮጀክተርና ተራ የቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ወንበር የለም። ላፕቶፕ ያስገባ አመልካች ደንቡን እንዳላነበበ ወዲያው ይታወቃል።

ዕቃው ሲታዘዝ የሚበላሸው ነገር ሁልጊዜ ተመሳሳይ ስለሆነ ዘርዘር እናድርገው። ፕሮፎርማ የሚቆየው ከ30 እስከ 90 ቀን ሲሆን ግምገማው ወራት ይፈጃል፤ ስለዚህ ዋጋው ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ካልተያዘ ውጤቱ ሲመጣ ከዝርዝሩ አንድ ዕቃ ይሰረዛል። ፕሮፎርማው ላይ የማስረከቢያ ውሉ «ኤክስ ወርክስ» ከሆነ ከፋብሪካው በር ጀምሮ ያለው ማጓጓዣ የገዢው ነው፤ እስከ ቦሌ ኤርፖርት ማጓጓዣና መድን የተከፈለበት፣ «ሲ.አይ.ፒ.» የሚባለው ይሻላል። ተቀባይ ሆኖ መጻፍ ያለበት የተቋሙ ስም ነው። በተመራማሪው ስም የመጣ ሳጥን ተቋሙ የጻፈው የቀረጥ ነጻ ደብዳቤ አይሠራለትም፣ ስሙ እስኪስተካከል ድረስ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል። ማሽኑ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ መሆኑን አረጋግጡ፤ የአሜሪካ አቅራቢ ካልተነገረው 110 ይልካል። ቂሊንጦ አካባቢ መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚያቃጥለው ሰሌዳ መብራት ሲቋረጥ ከሚያግዘው ባትሪ፣ ከዩ.ፒ.ኤስ.፣ ይወደዳልና ዩ.ፒ.ኤስ.ንና ማረጋጊያን ከማሽኑ ጋር በአንድ ፕሮፎርማ አስገቡ። መለዋወጫም እንደዚሁ፦ የፒ.ኤች. መለኪያ ኤሌክትሮድ በአንድ ሁለት ዓመት ይደክማል፣ የስፔክትሮፎቶሜትር ዶይተሪየም አምፖልም ዕድሜው በሰዓት የተቆጠረ ነው። ድጎማው ካለቀ በኋላ አንድ አምፖል ለማስመጣት የሚወጣው ልፋት ማሽኑን ለማስመጣት ከወጣው አያንስም።

ለትራንዚተር፣ ለመጋዘንና ከቦሌ እስከ ግቢ ላለው መኪና ቱዋስ አይከፍልም። የውስጡን ብር ለዚህ ያዙት ያልነው ለዚሁ ነው። ሁለቱን አጣምሮ በአንድ ወቅት የያዘ ሰው 15 ሺህ ዶላሩ ሙሉ በሙሉ ዕቃ ሆኖ ያገኘዋል። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ወይ ማሽን ኖሮት ናሙና የለውም፣ ወይ ናሙና ኖሮት ማሽን የለውም።

ያው ቱዋስ በጀርመን መንግሥት ገንዘብ ለአፍሪካ አዲስ ተመራማሪዎች ያዘጋጀው ሌላ የመነሻ ድጎማ ጣሪያው 67,700 ዶላር ደርሷል። የታሰበው ዶክትሬቱን ውጭ ሠርቶ በቅርቡ ወደ አገሩ ለተመለሰ ወይም ሊመለስ ላለ ወጣት ነው። እዚሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን የጨረሰ ሰው ጊዜውን አያባክንበት። ለተመላሽ ግን የመጀመሪያ ምርጫው ይህ መሆን አለበት። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ከተመለሰበት ቀን ስለሆነ «ትንሽ ልደላደል» ብሎ ዓመት የቆየ ሰው ዕድሉን በገዛ እጁ ያሳጥራል።

ትንንሾቹ

በስቶክሆልም በ1972 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፋውንዴሽን፣ አይ.ኤፍ.ኤስ.፣ ማስተርስ ያለውንም ይቀበላል። ይህ ከሌሎቹ ይለየዋል። ትኩረቱ ሥነ ሕይወታዊ ሀብትና ውሃ ሲሆን የግለሰብ ድጎማው ከ5 ሺህ እስከ 15 ሺህ ዶላር የሚደርስ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሚቆይ ሆኖ ቆይቷል። 40 ዓመት ያለፈው ሰው አያመለክትም። ለሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ወጣት ወይም ሰበታ ላይ ዓሣና የውሃ ሕይወት ለሚያጠና ሰው ልክ የተሰፋ ነው። ጥሪው መከፈቱን በድረ ገጹ ሳያረጋግጡ ግን አንድ አንቀጽም አትጻፉ፤ ከጓደኛ ኮምፒውተር የተቀዳ የቆየ ቅጽ ሞልቶ መቅረት የተለመደ ነው።

የብሪታንያው ራፈርድ ፋውንዴሽን ለዱር እንስሳትና ለደን ጥበቃ ነው። የመናገሻ ሱባን ደን ወይም የእንጦጦን ወፎች ለሚያጠና ሰው ምቹ ነው፦ የመዝጊያ ቀን የለውም፣ ስለ አመልካቹ የሚመሰክሩ ሦስት ሰዎች ይጠይቃል፣ የመስክ ወጪንና አበልን ይከፍላል። የመጀመሪያው ድጎማ ጥቂት ሺህ ፓውንድ ብቻ ነው፤ ሪፖርቱን በአግባቡ ያስገባ ሰው ደግሞ ወደ ሁለተኛውና ከዚያ በላይ ወዳለው ደረጃ ይወጣል። አመልካቾችን የሚጥላቸው የዶክትሬት ምዕራፋቸውን እንዳለ መላካቸው ነው። «የዝርያ ብዛት እንቆጥራለን» አይበቃም። ከተቆጠረ በኋላ የደኑ ጠባቂ፣ የአካባቢው ገበሬ ወይም የወረዳው ባለሙያ ምን እንደሚለወጥለት መጻፍ አለበት።

ለሴቶች

የታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅትም መቀመጫው ትሪየስቴ ነው። በካናዳ ገንዘብ ዶክትሬት ላላቸው ጀማሪ ሴት ተመራማሪዎች የሚሰጠው ፌሎሺፕ እስከ 50 ሺህ ዶላር ይደርሳል፣ ከዶክትሬት በኋላ 10 ዓመት ድረስ ይፈቅዳል፣ ተመራማሪዋም ሥራዋን የምትሠራው እዚሁ በተቋሟ ነው። ከቱዋስ የሚለየው ሥልጠናና ከኢንዱስትሪ ጋር መተሳሰርን አብሮ መጠየቁ ነው። ቂሊንጦና ቃሊቲ ላይ ያለ ሰው እዚህ ጥሩ ካርታ ይዟል፤ ፋብሪካው በእግር መንገድ ላይ ነው። ግን «ከአካባቢው ኢንዱስትሪ ጋር እንሠራለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ነጥብ አያስገኝም። ፋብሪካው የሚሰጠው የፍሳሽ ናሙና በሳምንት ስንት ሊትር እንደሆነ፣ የሚመደበው ባለሙያ ማን እንደሆነ የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ይያያዝ።

ገንዘቡ በተቋሙ ሒሳብ በኩል የሚያልፍ ስለሆነ ከመፈረም በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ አስይዙ፦ ተቋሙ ለአስተዳደር ወጪ የሚቆርጠው ስንት በመቶ እንደሆነና ለግዥ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄውን ማን እንደሚያቀርብ። የመቶኛው ጭቅጭቅ ገንዘቡ ከገባ በኋላ ከተጀመረ ፕሮጀክቱ ይቆማል። አንዳንድ ለጋሾች የአስተዳደር ወጪ ጨርሶ አይፈቅዱም፣ የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም ለውጭ አገር ተቋማት ለረጅም ዓመታት 8 በመቶ ብቻ ሲፈቅድ የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ፕሮግራም ሆራይዘን 25 በመቶ ይከፍላል። የተቋሙ መመሪያ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ከጻፈ ልዩነቱን አስረድታችሁ ቀድማችሁ ደብዳቤ አጽፉ።

የአውሮፓው ማሪ ኩሪ፣ የአሜሪካውም ጉዳይ

የማሪ ስክሎዶውስካ ኩሪ የድኅረ ዶክትሬት ፌሎሺፕ ለሰውየው ጥሩ ነው፣ ለቂሊንጦው ቤተ ሙከራ ግን አንድ ቢከር አይገዛም። ወደ አውሮፓ ሄዶ ከ12 እስከ 24 ወር መሥራት ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. ጥሪ የኑሮ ክፍያው በወር 5,990 ዩሮ ነበር፤ ይህ በአገሩ የኑሮ ውድነት መጠን የሚስተካከል፣ የቀጣሪው ግብርና መድንም የሚቆረጥበት ጥቅል ስለሆነ ኪስ የሚገባው ከዚህ በጣም ያንሳል። ውድድሩም ከብዷል፦ ለዚሁ ጥሪ ከ17 ሺህ በላይ ማመልከቻ ገብቷል።

ማመልከቻው ላይ ብዙ ሰው ምልክት ሳያደርግበት የሚያልፈው አንድ ሳጥን አለ። ተቀባዩ ተቋም ፖርቱጋልን፣ ፖላንድን ወይም ቼክን በመሳሰሉ፣ አውሮፓ በምርምር ልታጠናክራቸው በምትፈልጋቸው አገሮች ከሆነ፣ በዋናው ገንዘብ ያልተመረጠ ጥሩ ማመልከቻ የኢ.አር.ኤ. ፌሎሺፕ በተባለው ሁለተኛ በር እንዲገመገም ምልክት ማድረግ ይቻላል። ሌላ ፕሮፖዛል አይጻፍም። ጀርመንና ፈረንሳይን ብቻ የሚያይ አመልካች ይህ በር የለውም። ዋናው የፕሮፖዛል ክፍል 10 ገጽ ሲሆን ነጥቡ ለሳይንሱ ጥራት 50፣ ለፋይዳው 30፣ ለአፈጻጸሙ 20 በመቶ ነው። የኛ አመልካቾች አብዛኛውን ጊዜ ስምንቱን ገጽ ለሳይንሱ ሰጥተው በቀሪው ይወድቃሉ።

የአሜሪካውን በአጭሩ። ዩ.ኤስ.ኤ.አይ.ዲ. በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ሥራውን አቁሟል፣ በእሱ በኩል ይመጣ የነበረውን የምርምር ገንዘብ የሚጠቅስ አሮጌ ዝርዝር ሁሉ ይሰረዝ። ብሔራዊ የጤና ተቋሙም በ2025 በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኩል ለውጭ አገር አጋር የሚተላለፈውን ንዑስ ድጎማ አዲስ አሠራር እስኪበጅለት ማቆሙን አስታውቋል። በአጋር ስም ብቻ የቆመ የጤና ምርምር ዕቅድ አሁን ሌላ እግር ይፈልግ። በቀጥታ ለማመልከት የአሜሪካ መንግሥት የምዝገባ ቁጥር ለተቋሙ ያስፈልጋል። ምዝገባው ነጻ ነው፣ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ሳምንታት ይወስዳል። «እናስመዘግብላችሁ» ብሎ ዶላር የሚጠይቅ ኢሜይል አጭበርባሪ ነው፤ የማመልከቻ ክፍያ የሚጠይቅ «ለጋሽ»ም እንደዚሁ።

ማመልከቻ የሚጥሉ ጥቃቅን ነገሮች

የዘመን አቆጣጠሩ ሰው ይጥላል። ሐምሌ 2012 ዶክትሬቱን የተቀበለ ሰው ቅጹ ላይ 2012 ብሎ ከጻፈ ከዶክትሬት በኋላ የሚቆጠረው የማሪ ኩሪ 8 ዓመት ገደብ ድሮ አልፎበታል፤ ትክክለኛው ሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ነው። ዲግሪው ላይ የኢትዮጵያው ቀን ብቻ ካለ ከሬጅስትራር የአውሮፓውን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ አያይዙ። ስምም አለ፦ ፓስፖርቱ የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዞ፣ ጽሑፎቹ በአባት ስም ታትመው ከሆነ ገምጋሚው ሁለት ሰው ያያል። ኦርኪድ የተባለውን ዓለም አቀፍ የተመራማሪ መለያ ቁጥር በነጻ አውጥታችሁ ሁለቱንም ስም እዚያ መዝግቡ።

የኅትመት ክፍያ በጀት ውስጥ አታስገቡ። ኢትዮጵያ ለታዳጊ አገሮች የምርምር ጽሑፎችን በነጻ ወይም በቅናሽ በሚያቀርበው ፕሮግራም፣ በሪሰርች ፎር ላይፍ፣ የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ስለሆነች ብዙ አሳታሚዎች ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ይተዋሉ፤ ጥያቄው የሚቀርበው ጽሑፉ ሲላክ እንጂ ከጸደቀ በኋላ አይደለም።

የከተማው ጠርዝ የራሱ ጣጣ አለው። የአቃቂን ወንዝ ከላይ ጀምሮ እስከ አባ ሳሙኤል የሚከተል ጥናት የአስተዳደር ወሰን ይሻገራል። ለአዲስ አበባ የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ ሸገር ከተማ ላይ ወይም ኦሮሚያ ውስጥ ባለ ቀበሌ አያገለግልም። ሁለት ደብዳቤ፣ የፈቃደኝነት ቅጹ ደግሞ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይዘጋጅ፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ሁለቱንም ትርጉም ያያል። የዕፅዋት ወይም የረቂቅ ሕዋሳት ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የጄኔቲክ ሀብት አዋጁ፣ ቁጥር 482/1998፣ ፈቃድ ይጠይቃል። ይህ ከፕሮጀክቱ መጨረሻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ወር ይጀመር።

ቀዝቃዛ ዕቃ ሲታዘዝ የበዓል ቀን መቁጠሪያ ፊት ለፊት ይቀመጥ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚፈልግ ኤንዛይም በደረቅ በረዶ ሲመጣ በረዶው የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው፤ ለገና፣ ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ዋዜማ የደረሰ ሳጥን መጋዘን ውስጥ ይሞቃል። አቅራቢው ሰኞ እንዲልክ ጠይቁ፣ ፕራይመር፣ ማለትም ዲ.ኤን.ኤ. ለማባዛት መነሻ የሚሆነው አጭር ቁራጭ፣ ደርቆ እንዲመጣ እዘዙ፤ የደረቀ ፕራይመር ለጉዞው ቅዝቃዜ አያሻውም። በተራ ሙቀት የሚቆይ ዲ.ኤን.ኤ. የማባዣ፣ የፒ.ሲ.አር.፣ ድብልቅ ዋጋው ቢጨምርም ከተበላሸ ሳጥን ይረክሳል። ጥቂት ናሙና ብቻ ላለው ሰው ደግሞ ሆለታ ካለው የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ማዕከል ጋር የአገልግሎት ስምምነት መፈራረም ማሽን ከመግዛት ይቀድማል።

የማሪ ኩሪ መዝጊያ በብራሰልስ ሰዓት ከቀኑ 17፡00 ነው። በመስከረም ወር ይህ በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይውላል፤ መብራቱም ኔትወርኩም የሚጨናነቅበት ሰዓት ነው። ሥርዓቱ ከመዝጊያው በፊት የገባውን የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ስለሚይዝ ያላለቀውንም ረቂቅ ከሳምንት በፊት አስገቡ፣ ከዚያ እየተካችሁ አሻሽሉት።